እስከ ሰባት ሺህ ዙር

ሮቤ ውስጥ የሞተርን ሕመም በጆሮው ብቻ የሚለይ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ያስተማረኝ የለም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ የእህል መኪና እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴን አስተማርኩ። የገሰራም የአጋርፋም ሾፌሮች ሌላውን ጋራዥ አልፈው እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አንዲት አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና በደጃፌ ጮኻ አለፈች። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ትንሽ ሞተር። ድምፁን በጆሮዬ ስከተል የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ።

እንዲህ ያለችውን መጀመሪያ ያመጣት የደሎ መናው ቡና ነጋዴ ጓደኛዬ ነበር፤ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር። የዙር መቁጠሪያዋ በደቂቃ እስከ ሰባት ሺህ የሞተር ዙር ይፈቅዳል። እኔ የማውቃቸው የናፍጣ መኪኖች ሦስት ሺህ ላይ ይጨርሳሉ። ሾፌር እስከ ታች ረግጦ ሞተር እንዳያስጮህ ከነዳጅ ፔዳሉ ሥር እንጨት ማሰር ልማዳችን ነበርና ለእሷም አሰርኩላት።

«ኧረ ይቺ ትጮኻለች እንጂ አትታመምም» አለኝ።

«የሚጮኽ ሁሉ ታሟል» አልኩት። ሳቀ፤ አመነኝም።

ክረምት ላይ እሱ ቤት በእንግድነት ሳለሁ እናቱ ታመሙ። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘናቸው ወጣን። የሐረና ጫካ እርጥብ ቅጠል ይሸት ነበር። ዳገቱ ሲበረታና አየሩ ሲሳሳ መኪናዋ አቃታት። ትቆማለች፣ እናስነሳለን፣ ደግሞ ትቆማለች።

«እንጨቱን ላውጣው?»

«ሞተሩን ትበላዋለህ! መካኒኩ እኔ ነኝ።»

እናቱ ከኋላ ሆነው፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺም እንደ እኔ ትንፋሽ አጠራት እንዴ?» አሉ። ሳቅን።

ሁለት ሰዓት ያህል ባክነን፣ ሳነቴ አምባ ላይ ጉሙ ውስጥ፣ ጓደኛዬ እንጨቱን ነቅሎ በመስኮት ወረወረው። «ያንተ ጆሮ የእህል መኪና ጆሮ ነው!» አለኝ። መርፌው አምስት ሺህን አለፈ፤ ስድስት፣ ሰባት። ማጉረምረሙ ጠፍቶ ጥርት ያለ፣ እንደ ሽቦ የተወጠረ ድምፅ ወጣ። መኪናዋ ዳገቱን ረሳችው። ደስ አለኝ። እኚያ ሴት ከኋላዬ እያቃሰቱ ደስ አለኝ።

ጎባ ስንደርስ በሕይወት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አረፉ። ያ የባከነው ሰዓት ያተርፋቸው እንደነበር ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጓደኛዬ አልወቀሰኝም። መኪናዋን ግን ዳግመኛ እኔ ጋ አላመጣትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። ከሮቤ እስከ ደሎ መና መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሲነሳ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። በከፍታ ላይ የትንሽ ሞተርን ቤንዚንና አየር ማመጣጠን ያለ መጽሐፍ አውቄያለሁ። ስድስት መካኒክ አስተምሬ አውጥቻለሁ፤ ሁለቱ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ቤት ሠርቻለሁ። የጓደኛዬንም እናት አስከሬን፣ ጀናዛቸውን፣ ተሸክሜያለሁ፤ ከፊት፣ በቀኝ በኩል፣ ለተረኛ ሳልለቅ፣ ትከሻ ሳልቀይር እስከ መቃብሩ ድረስ።