ከእሑድ በፊት የተላጨ ጺም

«እስከ እሑድ ትንሽ ይበቅላል ነው የምትለኝ? ጺም እኮ ነው፤ ጎመን አይደለም።»

አጎቴ ይህን ሲሉኝ ገና አልተቀመጡም ነበር። ያቀረብኩላቸውን ወንበር መደገፊያ በእጃቸው ጨብጠዋል፤ ዓይናቸው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጠው አባቴ አልተነቀለም። አባቴ ጥቁር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቧል። ከእግሩ ሥር ሳፋው አለ። ውኃው ላይ አረፋና የአባቴ ሽበት ይንሳፈፋል። ሳፋውን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ልገፋ ስሞክር ውኃው ወለሉ ላይ ተደፋ።

«ተወው» አሉኝ። «ሽታው ከአጥር ውጭ ነው የተቀበለኝ።»

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናቴ ከሞተች እሑድ ዓመት ይሞላት ነበር፤ ሙት ዓመቷም ሞጣ፣ አባቴ ቤት ሊታሰብ ነው። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው እስከ ሙት ዓመቷ ጺሙን አይነካም። ሲነሳለትም ራሱ አያነሳውም። ከሟች ወገን ታላቁ ሰው በዘመድ ፊት «ይበቃሃል» ይለዋል፤ ጥቁሩን ያስወልቀዋል፤ ምላጩንም መጀመሪያ የሚያሳርፈው እሱ ነው። ያ ሰው አጎቴ ነበሩ። አባቴ ወጉ ነውና እሳቸውን ለመጥራት ከሞጣ እኛ ወዳለንበት ቢቸና መጥቶ፣ ማታ ቤታቸው ሄዶ ጠርቷቸው፣ እኔ ጋ አደረ። በማግስቱ አጎቴ አብረው ለመሳፈር ሊወስዱት ሲመጡ ያገኙት ግን ሌላ ፊት ነው።

መላጨት እንደምወድ የሚያውቅብኝ ሰው ጥቂት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስተይብ እውላለሁ፤ ሲመሽ ማንም ያላስተማረኝን ግጥም እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልበትም፤ ምሳዬን እንኳ ግማሹን ቆሜ ነው የምበላው። የምረጋው ጠዋት ስላጭ ብቻ ነው። የብረት መላጫዬን ከሰልባጅ ተራ ነው ያገኘሁት፤ እጀታው ሥር ሲጠመዝዙት ሁለት ክንፉን ከፍቶ ምላጩን የሚቀበል ዓይነት። ብሩሹንና ሳሙናውን አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ጓደኛዬ አመጣልኝ። ሳሙናው የሎሚና የጥድ ሽታ አለው። ብሩሹን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ አራግፌ፣ ሳሙናው ላይ ደጋግሜ አዞረዋለሁ። አረፋው እንደ እርጎ ሲወፍር ፊቴን እቀባለሁ። ከዚያ ምላጩን ጸጉሩ ወደተኛበት፣ ሳልጫን፣ በራሱ ክብደት አወርደዋለሁ። ሲወርድ ድምፅ አለው፤ ደረቅ ሣር ላይ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ይመስላል። ጥሩ ስንኝ የሚመጣልኝ ያኔ ነው።

የእኔን የሐዘን ጺም ያነሱት አጎቴ ራሳቸው ነበሩ። ከአርባዋ በኋላ «አንተ ወጣት ነህ፣ ሰው ፊት ነው የምትሠራው» ብለው በልብስ ሳሙናና እጀታ በሌለው ምላጭ ላጩኝ። አገጬ ደማ። ቤቴ ስገባ በሬን ዘግቼ በራሴ ሳሙና እንደገና ተላጨሁ። ይህንንም ለአባቴ እየሳቅኩ አወራሁለት።

አባቴ ሞጣ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ዓመቱን ሙሉ የጤፍ ዱቄት ጺሙ ውስጥ እየገባ፣ ከላቡ ጋር እየቦካ፣ ቆዳውን አቁስሎታል። ለማንም አልተናገረም። እኔም ያወቅሁት እኔ ጋ ባደረበት ሌሊት እንቅልፍ ላይ ሆኖ አገጩን ሲያክ ሰምቼ ነው። ሲነጋ፣ አጎቴ ሳይመጡ፣ ስላጭ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ሳሙናውን ተቀብሎ አሸተተ።

«የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሸታል» አለ።

ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ፣ ማሳከኩን ያስታግስለት እንደሆነ አረፋውን ብቻ እንድቀባው ጠየቀኝ። አረፋውን ብቻ። ቀባሁት። ጥቂት ቆይቶ ኮሌታው የሚፋተገውን፣ አንገቱ ሥር ያለውን አንሳልኝ አለ። የአንገቱን ሳነሳ የጉንጩ ጠርዝ የተዛባ መሰለ። ቀኙን ሳስተካክል ግራው ወፍሮ ታየ። ግራውን ሳቀጥን ቀኙ እንደገና ረዘመ። እንዲህ እያልን ወደ አገጩ ስንቃረብ ሁለታችንም የምናደርገውን እናውቅ ነበር፤ ግን አልተናገርነውም።

«በል እንግዲህ ጨርሰው» አለ በመጨረሻ። «የአጎትህ እጅ እንደሆነ በግ እንደሚገፍፍ ሰው ነው።»

ሳቀም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ጉንጩ፣ አገጩ፣ ልጅ ሆኜ በጣቴ የምነካው ጠባሳ ከአረፋው ውስጥ እየተገለጡ ሲወጡ፣ ጉም ስለለቀቀው ኮረብታ አንድ ስንኝ መጣልኝ። እንዳይጠፋኝ ብዬ ምላጩን አየር ላይ ይዤ ቆምኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አንጋጦ ይጠብቀኛል። ዓይኑ ሥር ያለው እርጥበት አረፋ ይሁን ሌላ ነገር አላየሁለትም፤ ቃል እየመረጥኩ ነበር። ይህቺን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

አጎቴ ወንበሩን እንደጨበጡ አባቴን ጠየቁት። «ማን ነው የላጨህ?»

አባቴ ወደ እኔ አላየም። «ልጁ ነው» አለ። «ተው ብለው አልሰማኝ አለ።»

ጺሙ ቢኖር ኖሮ ይሸፍንለት ነበር። አባቴ ሲዋሽ የላይኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ አሁን ደግሞ የሚከልለው ነገር አልነበረም። እኔ አየሁት። አጎቴም ሳያዩት አልቀሩም። እውነቱን ብናገር አባቴን በሚስቱ ወንድም ፊት ማዋረዴ ነው። ዝም ብል ደግሞ የእናቱን ሐዘን በሽቶ ሳሙና ያጠበ ልጅ ተብዬ መቅረቴ ነው። ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

አጎቴ ወንበሩን ለቀቁት። ከኮታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ከብሩሼ አጠገብ ፈቱት። ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ምላጭ ነበር። ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ ሳሙና። የልብስ ሳሙና አልነበረም። ማሸጊያው ላይ አበባ የተሳለበት፣ ያልተከፈተ የገላ ሳሙና ነው።

«ያን ጊዜ አገጭህ ሲደማ አይቻለሁ» አሉኝ። «ለአባትህስ እንዲህ አይሆንም ብዬ ነው።» ጣታቸውን ሳሙናው ላይ አሳረፉ። «ለእህቴ የቀረኝ ሥራ ይሄ ነበር።»

አባቴ ጋቢውን ከአገጩ ላይ አወረደው።

«ልጁ አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የለመንኩት። አልቻልኩም፤ ዱቄቱ...»

አጎቴ ጠጋ አሉ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጀርባ የአባቴን ጉንጭ ዳሰሱት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ምላጩ በሄደበት በኩል። ቁጣቸው የወረደ መሰለኝ።

«በደንብ ተላጭተሃል» አሉ።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምናቸው ጀመር። እሑድ ሞጣ ሰው ሁሉ እሳቸውን እንደሚጠብቅ፣ ጺሙ ቢቀር ጥቁሩን እንኳ እሳቸው እንዲያስወልቁት፣ ያለ እሳቸው ሙት ዓመቷ ሙት ዓመት እንደማይሆን ነገራቸው። አጎቴ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«መጥቼ ምን ላደርግ? የተላጨ ሰው ዘመድ ፊት ልላጭ?»

ምላጩን በጋዜጣው መልሰው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ሳሙናውን ተዉት። የፈሰሰውን ውኃ ተሻግረው ወጡ። የቤቴ በር ቆርቆሮ ነው፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት ይመስል፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።