የካፒቴኑ ዓሦች

ልብስ ሰፊዋ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ያም ሆኖ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ መነጽር አትፈልግም። ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ካፒቴን ሆኖ አያውቅም፤ ወደብ ላይ መርከብ በምትጎትት ጀልባ የሞተር ሠራተኛ ነበር። ካፒቴን ላላለው ሰው ግን ሰላምታ አይመልስም፤ ሰዉም ለሰላሙ ሲል ካፒቴን ብሎት ቀረ።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ባሕሩ ሲቀርበት ባሕሩን ሳሎን ድረስ አስመጣው፦ ቁመተ ረጅም የመስታወት ገንዳ፣ ጨዋማ ውሃ፣ አራት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ሁለት ቢጫ፣ ሽሪምፕ የሚሉት አንድ ሸንተረራም፣ ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት። የሚያያቸው እሱ ነው። የምታበላቸው፣ ውሃ የምትቀይርላቸውና መስታወቱን የምትወለውለው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት በደህናው እጁ ይቆጥራቸዋል። አንድ ቀን ሽሪምፑ ድንጋይ ሥር ተወሽቆ ቁጥሩ ቢጎድልበት፣ እስኪወጣ ድረስ ቁርስ አልቀምስም አለ፤ እሷንም «አንቺ ደግሞ ምን አፍ አለሽና ትበያለሽ?» ብሎ ጦሟን አዋላት።

ነገሩ የመጣው ከገንዳው አፍ ነው። ዙሪያውን የያዘው ጥቁር የፕላስቲክ ጠርዝ ማሸጊያው ደርቆ ተላጠ። ውሃው በዚያ በኩል እየሾለከ በውጭው መስታወት ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ሠራ፤ ከሥር ያለው ጠረጴዛም ማበጥ ጀመረ።

«አየሽው?» አለ ካፒቴኑ በበትሩ እየጠቆመ።

«አየሁት። ባለሙያ ልጥራ?»

«መጥቶ ዓሦቼን እንዲፈጅልኝ? አንቺው ስፊው! ዕድሜ ልክሽን መስፋት አይደል ሥራሽ? አንዷ ብትሞት ግን እዚህ ቤት እንዳላይሽ።»

ታች ፎቅ የምትኖረው ታላቅ እህቱ እንደ ወትሮዋ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ይህን ሰማች። «አደራ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን!» ብላ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ዓሦቹን የሸጠችላቸው ሴት ዘንድ ሄደች።

ዓሣ ሻጯ ድምፀ ጎርናና፣ አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። «እናቴ፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን የሲሊኮን ማሸጊያ እንዳይነኩት» አለቻት። «ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት አለበት፤ ለዓሣ መርዝ ነው። ምንም ያልተቀላቀለበትን ይሄን ይውሰዱ። አሮጌውን ፍቀው ያውጡ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይዝም። ጠርዙ ጠብታ እርጥበት እንዳይኖረው። ከቀቡት በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አይንካው።»

በማግስቱ ጠዋት ጀመረች። ውሃውን በቱቦ ስንዝር ያህል አወረደችና በንጹሕ ባልዲ አስቀመጠችው፤ አየር የሚነፋው ማሽን እንዳይቋረጥ አደረገች። የውሃውን ፊት በላስቲክ ሸፍና አንዱን ጥግ ለመተንፈሻ ከፈተችው። ከዚያ በምላጭ አሮጌውን ማሸጊያ ትፍቅ ጀመር። እያንዳንዷን ፍቅፋቂ በወረንጦ እየለቀመች መዳፏ ላይ አኖረች፤ አንዲትም ውሃ ውስጥ አልገባችም። ጨውን በእርጥብ ጨርቅ አነሳች፣ በደረቅ ጨርቅ አሸች፣ ደግማ አሸች። ሲሊኮኑን ስትጨምቀው ልክ እንደ ቀሚስ ቅምቅማት ቀጥ ብሎ ሄደ። በጣቷ አንድ ጊዜ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ሳበችው። ወገቧ እንደ እንጨት ደርቋል።

ሽታው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይሰነጥቃል። መስኮት ልትከፍት ተነሳች።

«ዝጊው! ብርድ ልታስመቺኝ ነው?»

«ሽታው ውሃው ውስጥ ከገባ ዓሦቹ ይታፈናሉ።»

«እኔ ብታፈንስ?»

ለምሳ የመጣችው እህቱ ጣልቃ ገባች። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፣ አንተ ሰው! ተዋት፣ ትሥራ።» ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብስ አምጥታ እስከ አገጩ ሸፈነችውና መስኮቱን ከፈተች። ለዓሦቹ ሲል ቻለው።

ሁለቱን ቀን ከገንዳው አልራቀችም። እሱ በበትሩ መስታወቱን እያንኳኳ «ይቺ ደክሟታል፣ ያቺ ልትሞት ነው» ይላል፤ እሷ በየሰዓቱ ሄዳ ታያለች። በሦስተኛው ቀን የባልዲውን ውሃ ለብ አድርጋ ጨዋማነቱን ለካችና በኩባያ እየቀዳች ቀስ ብላ መለሰችው። ዙሪያውን በለስላሳ ወረቀት ዳበሰች። ወረቀቱ ደረቅ ነበር።

«እጅሽ ይባረክ!» አለች እህቱ አጨብጭባ።

ካፒቴኑ ቆጠረ። ሰባት። እንደገና ቆጠረ። ልብስ ሰፊዋ እጇን እያደራረቀች ጠበቀች፤ እውነት ለመናገር አንድ ደግ ቃል ጠብቃ ነበር።

«ለካ ይሄ እጅሽ ጠንቃቃ ነው» አለ። «ታዲያ ልጄን ምን አድርጎ ገደላት?»

ልጃቸው በአራት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት ነበር የሞተችው። እሱ ወደብ ነበር። እናትየዋ በዝናብ አዝላት ክሊኒክ ወስዳ፣ ወረፋ ላይ ቆማ ሳለ ነው ጀርባዋ ላይ የቀዘቀዘችው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሱ ስለዚያ ቀን አንድም ነገር ተናግሮ አያውቅም። አዝኖልኝ ነው ዝም ያለው ብላ ታስብ ነበር። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ትወደው ነበር።

«ተው እንጂ!» አለች እህቱ፣ ፊቷ ተለዋውጦ። ልብስ ሰፊዋ ግን ጨርቋን አጥፋ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከዓሣ ሻጯ ጋር መጣች። ሁለቱ ተጋግዘው ዓሦቹን አንድ በአንድ እየያዙ ውሃና አየር ባለበት ላስቲክ ውስጥ ከተቷቸው።

«ምንድን ነው የምትሠሩት? አንቺ! አንቺ ሴትዮ!»

ዓሣ ሻጯ ተጨንቃ ቆመች። «ይውሰዷቸው» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ደህና ቦታ ይኑሩ። እዚህ ቤት የጠፋው ነፍስ ይበቃል።» ሰባቱም በሕይወታቸው ወጡ፤ ካፒቴኑ በትሩን ወርውሮ ግድግዳ መታ።

ገንዳውን አላነሳችውም። ውሃው ሞልቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ አየሩ ሲንቦጨቦጭ ከፊቱ ይውል ነበር።

ካፒቴኑ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። አበላችው፣ አጠበችው፣ ጎኑ እንዳይቆስል በሰዓቱ ገላበጠችው። መጀመሪያ ሰደባት። ቀጥሎ ለመናት፤ አንድ ዓሣ ብቻ መልሽልኝ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰባት። እንባውን በመሃረብ ጠረገችለት እንጂ እስኪሞት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም።

ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጥተው ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል!» ይባባሉ ነበር።