ኴንቻናዮ ያልኩበት ምሳ

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከሴንት አልባንስ ወደ ሜልበርን መሃል ከተማ በባቡር ተነሳሁ። መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ ለእኔ ግን በሱዳን በረሃ ከተጓዝኩት ረዘመብኝ። ልጄ ዳዊት ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ኮሪያዊት ሚስቱ ሚና የአራት ዓመት ልጃቸውን ሶስናን ይዛ አገሯ ልትገባ እንዳሰበች ሰምተናል። እናቷ ከኮሪያ መጥተው ምሳ ጋበዙኝ። ባለቤቴ ዘነበች ጉልበቷን አሟት ቀረች፤ የላከችኝ ግን አንድ ነገር እንድለምን ነው፤ ቢያንስ እስከ ሙት ዓመቱ እንዲቆዩልን።

ባቡር ውስጥ

ከስልኬ ወደ ወረቀት በአማርኛ ፊደል የገለበጥኳቸውን የኮሪያ ቃላት ሳጠና ሄድኩ። አስተናጋጅ ለመጥራት «ዮጊዮ»፣ ውሃ ለመጠየቅ «ሙል ጁሰዮ»፣ ከመብላት በፊት «ጃል ሞኬሱምኒዳ»። ሲጨምሩልህ በቃኝ ለማለት ደግሞ «ኴንቻናዮ»። ጠዋት ዘነበች ወረቀቱን አይታ «ምሳ ልትበላ ነው ፈተና ልትቀመጥ?» ብላኝ ነበር። ከስንት ወር በኋላ ስትቀልድ መስማቴ ነው።

ስድስት ሰዓት

ምግብ ቤቱ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ነው። ሩዝ በአትክልትና በእንቁላል ሃያ ሁለት ዶላር፤ በትንንሽ ሳህን የሚደረደረው የሚያቃጥል ጎመን ግን በነጻ ነው፣ ሲያልቅም ይጨምራሉ። የብረቱ ቾፕስቲክ ከእጄ እየሾለከ አስቸገረኝ። «ሙል ጁሰዮ» ስል ውሃ መጣ፤ የሚና እናት ፈገግ አሉ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ቁም ነገር ከምግብ በኋላ ነው ብዬ ልመናዬን አቆየሁት።

ሚና ሶስናን ይዛ ሽንት ቤት ስትሄድ እናቷ ከጎመኑ ጋር የመጣውን የቂጣ ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርገው በዝግታ አንድ ነገር ተናገሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ በርበሬው ይሆናል አልኩ። በእኛ ደንብ ገና ብላ ሲሉህ እሺ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ «ኴንቻናዮ» አልኩ። ደገሙልኝ፤ እኔም ደገምኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

ሚና ተመልሳ ከእናቷ ስትሰማ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

«አባባ፣ እኔ ልጠይቅዎት ፈርቼ ነበር» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «በሚቀጥለው ወር ሶስናን ብንወስዳት ቅር ይልዎታል ወይ ስትልዎት፣ ምንም አይደል አሏት። አመሰግናለሁ።»

ቃሉ ለካ «በቃኝ»ም «ምንም አይደል»ም ነው። እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ዳዊት ከሞተ ወዲህ ሚና እንዲህ ቀለል ብሏት አይቼ አላውቅም። ሶስና እንቁላሌን ከሳህኔ ለቅማ በላችብኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ዝም አልኩ።

መልስ

ኮሪያ ምግብ ቤት ለምትሄዱ ቃላቱ ይጠቅሟችኋል። ኴንቻናዮን ግን የተጠየቃችሁትን ሳታረጋግጡ አትበሉ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ዘነበች በር ላይ ጠበቀችኝ። «እሺ አሉ?»

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳትና የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ሳታውቅ ነዋ።»

«ስናገር አላወቅኩም። ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ሙት ዓመቱን እንግዲህ ሁለታችን ነን» አለች።