አያቴ ለተሸናፊው ዘመድ ሲመርጡ

ደብዳቤዬ ተቀባይነት አገኘ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ከእያንዳንዱ የቦክስ ግጥሚያ በፊት የቦክሰኞቹን ቤትና ቤተሰብ ሊያሳይ ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ነገርኩ። ሐሳቡ ግን የአያቴ ነው፤ እሳቸውን ከቀበርን ሁለት ወራችን ነው።

አያቴ ቦክስ ሲጀመር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ያጠፉና፣ ይሸነፋል ላሉት ቦክሰኛ ከእንግዶቹ መካከል ዘመድ ይመርጡለት ነበር። "ሐጂ፣ ባለ ቀይ ቁምጣው ያንተ ልጅ ነው።" ባለሱቁ ጎረቤታችን መጀመሪያ ይስቃሉ፤ በሦስተኛው ዙር ግን "ወላሂ ገደሉት፤ ዳኛው የት ሄደ?" እያሉ ይነሳሉ። "የማያውቁት ሰው ሲመታ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?" ይሉ ነበር አያቴ።

አንድ ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆነ። "ይሄ ፂማሙ አባትሽ ነው" አሉኝ። አባቴ፣ ማለትም የእሳቸው ልጅ፣ ብድሬ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ እዚያው ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በኋላ ለቀብራቸውም አልመጣም። ፂማሙ በአራተኛው ዙር ሲወድቅ "ተነስ" ብዬ ጮህኩ። አልተነሳም። ሳለቅስ አያቴ እየሳቁ "አሁን ገና ተመልካች ሆንሽ" አሉኝ።

ይቅር አላልኳቸውም። ግን የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለጣቢያው ላክሁት።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጎረቤት አይመጣም። ቴሌቪዥኑን ብቻዬን ስከፍተው ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ይደባደባሉ፣ በቃ።

ቅዳሜ ቤታችን ኑ። የአያቴ ወንበር ባዶ ስለሆነ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥበት። ለሚሸነፈው ዘመድ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።