ትከሻዬና የእጮኛዬ ስም

ሠርጌ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐይቅ ከተማ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ታጥቦ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ እስክስታ ስለማመድ ተንሸራትቼ ወደቅሁና ትከሻዬ ወለቀ። ትከሻ የሌላት ሙሽራ ወሎ ውስጥ ምን ትሠራለች? ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ ግን አባቴ «ሠርጉ ይዛወር» ማለቱ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፤ እህቴ ከጅዳ መጥታለች፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

የሰፈራችን ወጌሻ ተጠሩ። የወለቀ መመለስ የተማሩት ከእናታቸው ነው፤ እናታቸውም ከእናታቸው። መዳፋቸውን ቅቤ ሲቀቡ፣ የመጀመሪያዋን ማን አስተማራት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በግ ነዋ!» አሉና ሳቁ። «እናቴ ለአረፋ በግ በታረደ ቁጥር፣ ብልቱ ሳይወጣ መጋጠሚያውን በጣቴ ታስዳብሰኝ ነበር። የትኛው አጥንት የት እንደሚገባ እጄ ያኔ አወቀ። የጥንቶቹም እንዲሁ እየበለቱ፣ እየበሉ የተማሩ ይመስለኛል።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሕክምና የተጀመረው ሥጋ በሚወዱ ሰዎች ነው ብሎ ማሰብ ደስ ይላል፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ክንዴን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ያዞሩት ጀመር። እኔ ደርቄ ቀረሁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ላላ በይ» ቢሉኝ አልላላ አልኩ።

«እንደው የሙሽራው ስም ማን ነበር?» አሉኝ ድንገት።

እኛ ዘንድ እጮኛዋን በአባቷ ፊት በስሙ የምትጠራ ልጅ ዓይን አውጣ ናት። እኔም ቤት ውስጥ «እሱ» ከማለት በቀር አንስቼው አላውቅም። ፊቴ ጋለ። አጠገባችን የቆመውን አባቴን አየሁት፤ እሱም ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እንዴት እንደማመልጥ ሳስብ ትከሻዬን ረሳሁት፤ ያኔ ቀጭ አለ። ድንጋጤው የእጮኛዬን ስም ከነአባቱ አስጮኸኝ።

ትከሻዬ ቦታው ገብቷል፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አቤት!» አለ ከበሩ ውጭ አንድ ድምፅ።

ለካ እጮኛዬ መውደቄን ሰምቶ ከውጫሌ በሚኒባስ መጥቶ ኖሯል፤ መግባት አፍሮ ደጅ ቆሟል። ወጌሻዋ ተንከተከቱ። አባቴ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው።

«ግባ እንግዲህ፣ ተጠርተሃል» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «ሠርጉ አይዛወርም። ክንድሽ ታስሮም ቢሆን ትዳሪያለሽ» አለኝ።