ይቆየኝ የሚባል ስም

ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ጫጫ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። አጨዳ ተጀምሮ ስለነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ ነዶ ይሸታል። አንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ ጋቢዬን ስከናነብ ከኋላዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ይቆየኝ! ና ወዲህ!»

አልዞርኩም። ስሜ በድንገት ሲጠራ መጀመሪያ የማየው ከፊት ለፊቴ ማን እንደቆመ ነው፤ ይህ ልማድ ከሥጋዬ ጋር አርጅቷል። ወዲያው አንድ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ በአጠገቤ ሮጦ አለፈ። የተጠራው እሱ ነበር። በዚህ ስም የሚጠራ ሕፃን ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የዛሬ ልጆች ናሆም ናቸው፣ ሮቤል ናቸው፣ ያብስራ ናቸው።

የእኔን ስም ያወጣችው እናቴ ናት። ከእኔ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱም ጡት ሳይጥሉ ሞተውባታል። አባቴ በአንኮበር ቄስ ነበሩና እኔ ስወለድ ከመጽሐፍ ስም ሊመርጡልኝ ያስቡ ነበር። እሷ ግን አቅፋኝ «ይኼስ ይቆየኝ» አለች። አይሂድብኝ፣ ትንሽ ይሰንብትልኝ ማለቷ ነው። በዚያው ስሜ ሆኖ ቀረ። ቃሉን ማንም በየቀኑ ይናገረዋል፤ ለመንገድ የተነሳ ሰው «ራቴ ይቆየኝ» ይላል፣ ገበያተኛም የወደደውን ዕቃ «ይቆየኝ» ብሎ አስቀምጦ ይሄዳል። በሰው ስምነት ግን በአገራችን የሚያውቀው አልነበረም። እኩዮቼ «የምትበላ ነህ የምትጠጣ?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ጣሊያን አንኮበር ሲገባ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ተቀምጦ እንኳ የተቀመጠ አይመስልም ነበር። በየቤቱ ደጃፍ የተቋጠረ ስንቅ አለ። ውሻ ከጮኸ ሁሉም ይነሳል፤ ምንም አለመሆኑን አይቶ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሳል። ከዚያ ከወደ ቆላው አንድ አርበኛ መነሳቱ ተወራ። በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ የጣሊያን ካሚዮኖች አቃጥሏል ተባለ። ስሙን ስሰማ ማመን አቃተኝ፤ ባላምባራስ ይቆየኝ ነው አሉ። በዓለም ላይ ሌላ ይቆየኝ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ካሚዮኖቹን ያቃጠልኩት እኔ ይመስል ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ወርጄ ሳለሁ ለጣሊያን ያደረ አንድ የአገራችን ባንዳ አስካሪ ከሚባሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ጋር እቤታችን መጣ። ይቆየኝ የት ነው ብሎ አባቴን ጠየቃቸው። አባቴም ልጃቸው ገና ዲያቆን እንደሆነ፣ ጠመንጃም ይዞ እንደማያውቅ ነገሩት። ሰውየው አልተቀበላቸውም። እንዲህ ያለውን ስም ሁለት ሰው አይጠራበትም፤ ልጅዎ የሽፍታው ዘመድ ባይሆን ኖሮ በስሙ ባልተጠራ ነበር አላቸው። ሲመለስ ወደ ካምፕ አምጡት ብሎ ሄደ።

እንስራውን ይዤ ስገባ እናቴ በሶ ትቋጥር ነበር። አባቴ አሊዩ አምባ ሐጂ ዑመር ዘንድ እንድወርድ አዘዙኝ። ሐጂ ዑመር ጨው ነጋዴ ናቸው፤ ደጋ ሲወጡ የሚያድሩት እኛ ቤት ነበር። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ በክርስትና ስሜ፣ ወልደ ሰንበት ነኝ እንድል አስጠነቀቁኝ። እናቴ መሄዴን ሰምታ አላለቀሰችም። ያወጣችልኝ ስም እንደሚቀር ስትሰማ ግን በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ከአንኮበር ቁልቁል ስወርድ ጉሙ እግሬን እንኳ አያሳየኝም ነበር። እየወረድኩ ስሄድ ተገፈፈና ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ሐጂ ዑመር ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወልደ ሰንበት በዚህ ገበያ እንደ ግመል ከሩቅ ይታያል አሉኝና ሰዒድ አሉኝ። በአንድ ቀን ሁለት ስም ተቀየረብኝ።

ሚስታቸው እማ ዘሃራ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ለእኔ ለይተው ያበስሉልኝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ወተት ሳይሰጡኝ ሲቀሩ ነው ጾም መሆኑን የማስታውሰው። በዚህ ሁሉ ደግነት መሐል ግን እረፍት አልነበረኝም። ሰዒድ ብለው ሲጠሩኝ አልሰማም፤ ደጋግመው ሲጠሩኝ ደንግጬ እነሳለሁ። ወደ ደጋ የሚወጣውን መንገድ ለማየት በረባ ባልረባው ከግቢ እወጣለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ሐጂ ተቀመጥ ይሉኛል፤ እቀመጣለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ራሴን መንገድ ዳር አገኘዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ጨው በስልቻ እያሰርኩ ሳለሁ ያ ባንዳ ከሁለት አስካሪዎች ጋር መጣ። መልኬን አያውቀውም፤ እኔ ግን አንኮበር ገበያ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሸንኮራ እየላጠ ከጎናችን ካለው በርበሬ ሻጭ ጋር ወሬ ጀመረ። አንገቴን ደፋሁ። በዚያው ቅጽበት ከሰዉ መሐል የማውቀው ድምፅ ተጣራ።

«ይቆየኝ! ይቆየኝ!»

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበሩ፤ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ። ገብስ ሊሸጡ ወርደው ነው። ለምን እንደጠፋሁ የነገራቸው የለም። ባንዳው ሸንኮራውን ከአፉ አወጣ። እጄ ገመዱን ያስራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያስራል። አልዞርኩም።

ሐጂ ዑመር ከሚመዝኑት ጨው ላይ ቀና አሉ። ድምፃቸው የዘወትሩ ድምፅ ነበር።

«ይቆይሻል እህቴ፣ ይቆይሻል። ጨውሽን ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ፤ ሌላውን ገበያሽን ጨርሺ።»

ባንዳው ጠጋ አለ። «ሴትዮዋ የጠራችው ማንን ነው?»

«ማንን ትጠራለች? ጨው ይቆየኝ አለች፣ እኔም ይቆይሻል አልኳት። ወላሂ ይቆይሻል ነው ያልኳት።»

ሰውየው ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። እሳቸው የባንዳውን ጠመንጃ አዩ፣ የእኔን ጎንበስ ማለት አዩ። ከዚያ ሸክማቸውን አስተካከሉ። «ጨው ይዤ ገበያውን ሁሉ ልዙር? ይቆየኝ ማለትም ያስከስሳል?» አሉት።

በርበሬ ሻጩ ሳቀ፤ ሌሎችም ሳቁ። ባንዳው ወደ እኔ ዞሮ አንተስ ማነህ አለኝ። ሰዒድ አልኩት። ከአንደበቴ ሳይደናቀፍ የወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጥቂት አየኝና የሸንኮራውን ገለባ ተፍቶ ሄደ።

ሐጂ ዑመር ሚዛኑን ትተው ተቀመጡ። ውኃ ጠጥተው ሲረጋጉ፣ የማሉት በራሳቸው ቃል ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ይቆይሻል ማለታቸውም እውነት እንደሆነ ነገሩኝ። ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ በረሃ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር አሳፈሩኝ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አንድ ቦታ ረግቼ አልተቀመጥኩም፤ በስንት ስም እንደተጠራሁም አላስታውስም።

ቤቴ ስመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ስሜን ደጋግማ ጠራችኝ። እዚያው ፊቷ ቆሜ እያለሁ።

ባላምባራስ ይቆየኝም በሕይወት ተርፈው ኖሮ ያን ሰሞን አንኮበር መጡ። አባቴ ወሰዱኝ። ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ሳል ያደከማቸው አጭር ሰው ነው። በእሳቸው ስም የደረሰብኝን ሁሉ ልነግራቸው በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። እኔ ሳልጀምር እሳቸው ጠየቁኝ።

«እናትህ ናት ያወጣችልህ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ስንት ሞተውባት?»

«ሁለት።»

«የእኔ እናት አራት» አሉኝ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ እጃቸውን ሳምኩ።

ከዚያ በኋላ በየአጥቢያው የሚወለድ ወንድ ሁሉ ይቆየኝ ሆነ። አባቴ ክርስትና ሲያነሱ ሌላ ስም አጣችሁ ወይ እስከማለት ደርሰው ነበር። እናቶቹ ስሙን የሚሰጡት ልጁ ጀግና እንዲሆን ነው፤ የቃሉን ፍቺ ያሰበው የለም። እኔንም በባላምባራሱ ስም ነው የተሰየምከው ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። ባላምባራሱን የሚያስታውሱ ሰዎች እያለፉ ሲሄዱ ስሙም እየሳሳ ሄደ።

ጫጫ ላይ ጎማው እስኪቀየር ወደ ልጁ እናት ጠጋ ብዬ ስሙን ማን እንዳወጣለት ጠየቅኳት። እኔ ነኝ አለችኝ።

«ከእሱ በፊት የሞተብሽ አለ?»

ልጁን ወደ ቀሚሷ ሳበችው። «ኧረ አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው? የመጀመሪያዬ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ባላምባራስ ይቆየኝ የሚባል አርበኛ ሰምታ እንደሆነም ጠየቅኳት፤ አልሰማችም።

«ታዲያ ስሙን ከየት አገኘሽው?»

«እንጃ» አለች። «ስጠራው ደስ አለኝ።»

ለዚህ ስም ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ቀብረዋል፤ እሷ ግን ስለወደደችው ብቻ አነሳችው። ቅር ይለኝ እንደሆነ ልቤን ጠየቅሁት። ቅር አላለኝም።

ልጁ አምልጧት ደግሞ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው፤ አንዴም አይደለም፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ዞሮ ያየ አንድ ሰው አልነበረም።