«በሉ፣ ምን ሰማችሁ?»

አጎቴ ካረፉ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀን ጠፍቶ ነበር።

ከአሶሳ ወጣ ባለችው የሰፋሪዎች መንደራችን ካቴኪስት፣ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነበሩ። ካህን የሚመጣልን አልፎ አልፎ ስለሆነ ወንጌሉን የሚያነቡልን እሳቸው ነበሩ። አንብበው ሲጨርሱ አያብራሩም። መጽሐፉን ይዘጉና፣ «በሉ፣ ምን ሰማችሁ?» ብለው አንድ ሰው እስኪመልስ ቆመው ይጠብቃሉ።

የጠፋችውን በግ ያነበቡ ዕለት አንዲት ጎረቤታችን ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ዘጠና ዘጠኙንስ ለማን ትቷቸው ሄደ? እዚያ አገር ጅብ የለም እንዴ?» አለቻቸው። ጸሎት ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸውም ስቀው፣ «እኔም እንጃ፤ እስኪ ለሳምንት አስቢበት» አሏት። ሳምንቱን ሙሉ ያሰቡበት ግን እሳቸው ነበሩ። እርሻ ላይ ሳይቀር፣ «አንቺ ታነቢያለሽ፤ ምን ልበላት?» ይሉኝ ነበር። ዘግይቼ ፊደል የቆጠርኩትን እኔን እንደ አዋቂ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አሶሳን ዋና ከተማው ያደረገው አዲሱ ክልል ሲቋቋም የመንደራችን ሰው ዕጣው ምን እንደሚሆን ስላላወቀ ፈራ፤ ብዙው ወደ መጣንበት ወደ ከምባታ ተመለሰ። ያቺም ጎረቤታችን ሄደች። አጎቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ ለቀረነው ለጥቂቶቹም ቢሆን፣ መጠየቃቸውን አልተዉም።

አሁን ማንበቡ ለእኔ ደርሷል። ባለፈው እሑድ ያው የጠፋችው በግ ወንጌል ነበር። አንድ ቃል ሳልስት አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና፣ «በሉ፣ ምን ሰማችሁ?» አልኩ። ሁሉም አቀረቀሩ። ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት፣ «ይብቃን ልጄ፣ በሩን ዝጊውና እንሂድ» አሉኝ።

አጎቴ ቢሆኑ ይጠብቁ ነበር። እኔ በሩን ዘጋሁት።